ሐሙስ ነው ወይስ ረቡዕ? ዓለምን ዞሮ የተመለሰ ሰው አንድ ቀን የሚጎድለው ለምንድን ነው?

እስቲ ለአፍታ ሦስት ወንድማማቾችን በሐሳባችን እንሣል። ቤታቸው በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል በምትገኘው በማንኩሳ ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ብዙ አንባቢ ስሟን በሚያውቃት በማንኩሳ። በአንድ የሰኞ ማለዳ ታላቁ ወደ ምዕራብ፣ ታናሹ ወደ ምሥራቅ ጉዞ ይጀምራሉ፤ መካከለኛው ከእናቱ ጋር እቤት ይቀራል። ሁለቱ መንገደኞች አቅጣጫቸውን ሳይለውጡ፣ በየብስ በእግርና በመኪና፣ በባሕር በመርከብ፣ ሲያሻቸውም በአውሮፕላን እየተጓዙ ዓለምን ይዞራሉ። ፀሐይ በወጣች ቁጥር በያዙት ደብተር ላይ አንድ ጭረት ያኖራሉ። መካከለኛውም በቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲሁ ያደርጋል። በመጨረሻ ሁለቱም በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ማንኩሳ ይደርሳሉ።

እናታቸው ዶሮ ሠርተው ይጠብቋቸዋል። ታላቁ ግን ደብተሩን ገልጦ ይመለከትና «እማዬ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ጾም ነኝ» ይላል። ታናሹ ደግሞ የራሱን ደብተር ይቆጥርና «የለም፣ ዛሬ ዓርብ ነው፤ እኔም ጾም ነኝ» ይላል። እቤት የቀረው መካከለኛው በመገረም ሁለቱን ይመለከታቸዋል። «ምን ነካችሁ? ዛሬ ሐሙስ ነው። ረቡዕን ትናንት ጾመናል፤ ዓርብን ነገ እንጾማለን» ይላቸዋል። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ አይደለም፤ ሌላ ጾምም አልገባም። ሦስቱም አንድም ጭረት አልዘለሉም፣ አንድም ጭረት አልደገሙም። ታዲያ ከሦስቱ የተሳሳተው ማን ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጥያቄ ተራ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሊቃውንት ዓለምን የዞረ ሰው ገና ሳይኖር ተወያይተውበታል። በኋላም በእርግጥ ዓለምን የዞሩ ሰዎች ራሳቸውን በታላቁ ወንድም ቦታ አግኝተው ግራ ተጋብተዋል። ዛሬም ቢሆን ፓስፊክ ውቅያኖስን የሚያቋርጥ ማንኛውም መርከበኛና መንገደኛ ይገጥመዋል። መልሱን ለማግኘት ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው መንገድ ይበቃናል።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ፀሐይ ምን ያህል ትዘገያለች?

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10.7 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ ላይ፣ በአንድ መስመር ላይ የተቀመጡ ያህል ናቸው። ልዩነታቸው በኬንትሮስ ነው። ቡሬ ከፍኖተ ሰላም በአንድ ዲግሪ አንድ አምስተኛ ያህል ወደ ምዕራብ ትርቃለች። ይህ በቀጥታ መስመር ሲለካ ወደ 22 ኪ.ሜ. ይሆናል።

መሬት በራሷ ዛቢያ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ትሽከረከራለች። ስለሆነም ፀሐይ በምሥራቅ ላለው ቀድማ፣ በምዕራብ ላለው ዘግይታ ትወጣለች። መሬት ከፀሐይ አንጻር 360 ዲግሪ ለመዞር 24 ሰዓት፣ ማለትም 1,440 ደቂቃ ይወስድባታል። 1,440ን ለ360 ብናካፍል 4 እናገኛለን። አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ የአራት ደቂቃ ልዩነት ያመጣል ማለት ነው። የአንድ ዲግሪ አንድ አምስተኛ ደግሞ 48 ሴኮንድ ይሆናል። እንግዲህ ፀሐይ ፍኖተ ሰላም ላይ እኩለ ቀን አድርጋ ቡሬ ላይ እኩለ ቀን እስክታደርግ አንድ ደቂቃ እንኳ ያልሞላ ጊዜ፣ 48 ሴኮንድ ያህል ያልፋል።

አንድ ሰው ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ነገ እኩለ ቀን ላይ ቡሬ ቢገኝ፣ በሁለቱ እኩለ ቀኖች መካከል ያለፈው ጊዜ 24 ሰዓት ከ48 ሴኮንድ ነው። ለዚያ መንገደኛ ቀኑ በ48 ሴኮንድ ረዝሞለታል። ይህን እርሱም አያውቀውም፤ የእጅ ሰዓቱንም አይለውጥም። በማግስቱ ከቡሬ ቢመለስ ያተረፈውን መልሶ ይከፍላል፤ የመልሱ ቀን 24 ሰዓት ሲቀነስ 48 ሴኮንድ ይሆንበታልና። ነገር ግን ሳይመለስ በዚያው ወደ ምዕራብ በየቀኑ ያንኑ ያህል ቢገፋ ምን ይሆናል? የዓለም ዙሪያ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለውን ርቀት የመሰሉ 1,800 ያህል እርምጃዎች አሉት። 48 ሴኮንድ በ1,800 ሲባዛ 86,400 ሴኮንድ ይሆናል። 86,400 ሴኮንድ ደግሞ በትክክል 24 ሰዓት ነው። የጠፋችው ቀን አንድ ሌሊት በድንገት አልተሰወረችም፤ በሴኮንድ በሴኮንድ እየተቆነጠረች በእያንዳንዱ ቀን ላይ ተጨምራለች።

የአውድማው ምሳሌ

ነገሩን በስሌት ብቻ መቀበል ለማይዋጥለት አንባቢ፣ በገጠሩ የአገራችን ክፍል ያደገ ሁሉ የሚያውቀውን አውድማ እንመልከት። በሬዎች እህሉን ሲያበራዩ በአውድማው ላይ በአንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። በአውድማው ጠርዝ ላይ ቆሞ የሚመለከት ልጅ በሬዎቹ ዐሥር ጊዜ ሲዞሩ በፊቱ ዐሥር ጊዜ ሲያልፉ ይቆጥራል። አሁን ልጁ በዚያው ጊዜ ውስጥ በሬዎቹ በሚሄዱበት አቅጣጫ በዝግታ እየተራመደ አውድማውን አንድ ጊዜ ዞሮ ከተነሣበት ቦታ ቢደርስ፣ በሬዎቹ የሚያልፉት ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው። በተቃራኒው አቅጣጫ አንድ ጊዜ ቢዞር ደግሞ ዐሥራ አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። በሬዎቹ ግን በሦስቱም ሁኔታ የዞሩት ዐሥር ጊዜ ነው።

በሬዎቹን በፀሐይ፣ ልጁን በመንገደኛው እንተካ። በእርግጥ የምትሽከረከረው መሬት እንጂ ፀሐይ አይደለችም፤ ቆጠራው ግን አይለወጥም። ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ከፀሐይ ጋር በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ዓለምን በዞረ ቁጥር አንድ የፀሐይ መውጫ ይጎድለዋል። ወደ ምሥራቅ የሚጓዘው ፀሐይን ፊት ለፊት ስለሚቀበላት አንድ የፀሐይ መውጫ ይጨመርለታል። የጉዞው ርዝመት፣ የመጓጓዣው ዓይነትም ሆነ ፍጥነቱ ይህን አንድ ቀን አይለውጠውም። ሦስት ዓመት የፈጀበትም ሆነ ሁለት ቀን የበቃው ልዩነቱ ያው አንድ ነው።

ይህን ሐሳብ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኖረው ሶርያዊው የጂኦግራፊ ሊቅ አቡል ፊዳ ጽፎታል። በዚያው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ኒኮል ኦሬም፣ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ በሚሄዱ መንገደኞችና እቤት በሚቀር ሰው መስሎ አስረድቶታል። የእኛን ሦስት ወንድማማቾች የሚመስሉ መንገደኞች በሊቃውንት ሐሳብ ውስጥ መዞር የጀመሩት የመጀመሪያው መርከብ ዓለምን ከመዞሩ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነበር ማለት ነው።

ረቡዕ የነበረው ሐሙስ ሆኖ ሲገኝ

በሐሳብ የነበረው ነገር በተግባር የታየው እ.ኤ.አ. በ1522 ነው። ፈርዲናንድ ማጄላን የተባለው ፖርቱጋላዊ መርከበኛ የስፔን ንጉሥ በሰጠው አምስት መርከቦች እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 1519 ከስፔን የባሕር ዳርቻ ተነሣ። ዓላማው ወደ ምዕራብ በመጓዝ የቅመማ ቅመም ደሴቶችን ማግኘት ነበር። ከሰባት ወር ያህል በኋላ ሌላ የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ለመሄድ ምጽዋ ወርዶ ነበር። የቡድኑ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአገራችን ስድስት ዓመት ቆይቶ ያየውን ጽፏል። አልቫሬዝ በኢትዮጵያ ደጋ ሲዘዋወር የማጄላን መርከቦች በዓለም ማዶ ነበሩ።

ማጄላን ራሱ ጉዞውን አልፈጸመም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 1521 በዛሬይቱ ፊሊፒንስ፣ በማክታን ደሴት በተደረገ ውጊያ ተገደለ። ከአምስቱ መርከቦች ዓለምን ዞራ የተመለሰችው «ቪክቶሪያ» ብቻ ናት። በሁዋን ሰባስቲያን ኤልካኖ አዛዥነት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1522 ስፔን ስትደርስ በላይዋ የቀሩት አውሮፓውያን 18 ብቻ ነበሩ።

ከእነዚህ መካከል አንቶኒዮ ፒጋፌታ የተባለ ጣሊያናዊ በየቀኑ የጉዞ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። መርከቧ በመመለሻዋ በሐምሌ ወር በአፍሪካ ምዕራብ በሚገኙት የኬፕ ቬርዴ ደሴቶች ምግብ ፍለጋ ስታርፍ፣ ወደ የብስ የወረዱት ሰዎች ዕለቱን እንዲጠይቁ ታዘዙ። በመርከቧ ቆጠራ ረቡዕ ነበር። የደሴቱ ሰዎች ግን ሐሙስ ነው አሉ። ፒጋፌታ አንድም ቀን ታምሞ ማስታወሻውን አላቋረጠምና ነገሩ እጅግ አስደነቀው፤ ምክንያቱን የተረዳው ቆይቶ ነው። መርከበኞቹ ካቶሊካውያን ስለነበሩ ነገሩ ከመደነቅም አልፎ የኅሊና ጥያቄ ነበር። በዓላቱን ሁሉ በሌላ ቀን አክብረዋል፤ ሥጋ የማይበላበትንም ዓርብ ሳያውቁ ስተዋል። የማንኩሳው ታላቅ ወንድም ያጋጠመው ነገር ከመጽሐፍ ወጥቶ በሰው ላይ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው።

አሁን የእኛን መለኪያ እንጠቀም። የቪክቶሪያ ጉዞ 1,080 ቀናት ያህል ፈጅቷል። 86,400 ሴኮንድ ለ1,080 ሲካፈል 80 ይሆናል። የመርከበኞቹ እያንዳንዱ ቀን በአማካይ በ80 ሴኮንድ ረዝሟል። በየቀኑ ያለፉት ኬንትሮስም በአማካይ የአንድ ዲግሪ አንድ ሦስተኛ ነው። ይህ በእኛ ኬክሮስ ቢሆን ከ36 ኪ.ሜ. ጥቂት የሚበልጥ ነው። ወጀቡን፣ ረኃቡን፣ በየወደቡ የባከነውን ጊዜ ሁሉ ደምረን ስናካፍለው፣ በታሪክ ታላቅ የተባለው የባሕር ጉዞ በቀን የገፋው አንድ ብርቱ እግረኛ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ደርሶ መንገዱን በግማሽ እንደገና ቢጨምር ከሚሄደው ብዙም አይበልጥም። ያም ሆኖ ሰማንያ ሰማንያው ሴኮንድ ተጠራቅሞ አንድ ሙሉ ቀን በላ።

የማንኩሳ ኬክሮስ ዓለምን ሲዞር

ታላቁ ወንድም ከማንኩሳ ተነሥቶ በ10.7 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ ቢሄድ ምን ያገኛል? ሱዳንን፣ ቻድን፣ ናይጄሪያን፣ የጋናን ሰሜናዊ ጫፍ አልፎ በጊኒ የባሕር ዳርቻ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይደርሳል። ከባሕሩ ማዶ የትሪኒዳድ ደሴት፣ የቬኔዙዌላና የኮሎምቢያ ሰሜናዊ ዳርቻዎች፣ ቀጥሎም ኮስታ ሪካ ይቀበሉታል። ከዚያ በኋላ ከ16,000 ኪ.ሜ. በላይ የተንጣለለው ፓስፊክ ውቅያኖስ ይመጣል። ከፓስፊክ ማዶ መጀመሪያ የሚያገኛቸው የፊሊፒንስ ደሴቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዷ ሆሞንሆን ትባላለች፤ ማጄላን ፓስፊክን ካቋረጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በማርች 1521 ያረፈባት ደሴት ናት። ኬክሮሷ ከማንኩሳ ጋር አንድ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በሁለቱም ቦታ ፀሐይ በሚያዝያ 10 እና በነሐሴ 19 ገደማ በእኩለ ቀን ከአናት በላይ ትሆናለች።

ጉዞው ይቀጥላል። የቬትናሟ ሆ ቺ ሚን ከተማ፣ የደቡብ ሕንድ ሜዳዎች፣ የዓረብ ባሕር፣ የሶማሊያ ሰሜናዊ ጫፍ ያልፋሉ። በአገራችን ምሥራቅ በኩል ከገባ በኋላ አፋርን፣ በወሎ ከሚሴን ያገኛል፤ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ በጮቄ ተራራ ላይ ይወጣና በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ማንኩሳ ይወርዳል። ጠቅላላ ርቀቱ 39,380 ኪ.ሜ. ያህል ነው። በምድር ወገብ ላይ ካለው 40,075 ኪ.ሜ. ጥቂት ያንሳል፤ ምክንያቱም ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር የኬክሮስ ክቦች እየጠበቡ ይሄዳሉ። ከዚህ ሁሉ መንገድ ሦስት አራተኛ ያህሉ ባሕር ነው። ያለ መርከብ ወይም ያለ አውሮፕላን ዓለምን መዞር የማይቻለው ለዚህ ነው።

በሰዓት 26 ኪ.ሜ. የሚጓዝ የጭነት መርከብ በዚህ ኬክሮስ ላይ ወደ ምዕራብ ቢያመራ ቀኑ በ23 ደቂቃ ያህል ይረዝማል። ስለዚህ መርከበኞች በጉዞ ላይ ሰዓታቸውን በየጊዜው ወደ ኋላ ይመልሳሉ። በሰዓት 900 ኪ.ሜ. የሚበር አውሮፕላን ያለማቋረጥ መብረር ቢችል ይህንኑ ክብ በ44 ሰዓት ገደማ ይጨርሰው ነበር።

ከባሕር ወደ አየር

ዓለምን በአየር ለመዞር የመጀመሪያው የተሳካ ጉዞ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። አራት የአሜሪካ ጦር ሠራዊት አውሮፕላኖች በኤፕሪል ወር ከሲያትል ተነሥተው ሁለቱ ከ175 ቀናት በኋላ ተመለሱ። ከሩብ ክፍለ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ «ለኪ ሌዲ 2» የተባለው አውሮፕላን በአየር ላይ ነዳጅ እየተቀበለ ያለማረፍ በ94 ሰዓት ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1986 «ቮዬጀር» የተባለው ቀላል አውሮፕላን ያለማረፍም ያለ ተጨማሪ ነዳጅም በዘጠኝ ቀናት ጉዞውን ፈጸመ። ከቮዬጀር በፊት ግን ዩሪ ጋጋሪን እ.ኤ.አ. በ1961 ከከባቢ አየር ውጭ ሆኖ መሬትን በዞረበት በረራ ከመነሣቱ እስከ መመለሱ የፈጀበት 108 ደቂቃ ብቻ ነበር።

ከእነዚህ ሙከራዎች አንዱ በአካባቢያችን አልፏል። አሜሪካዊቷ አብራሪ አሚሊያ ኢርሃርት ከአቅጣጫ መሪዋ ከፍሬድ ኑናን ጋር እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ምሥራቅ ዓለምን ለመዞር ስትጓዝ፣ በሰኔ ወር ከካርቱም ወደ ምጽዋ፣ ከዚያም ወደ አሰብ በርራለች። አገሩ በዚያን ጊዜ በፋሺስት ጣሊያን እጅ ነበር። ከአሰብ ተነሥታም በቀጥታ ካራቺ ገባች። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን ከኒው ጊኒዋ ላኤ ወደ ትንሿ የሃውላንድ ደሴት በረራ ጀመረች። መንገዱ ቀን የሚለወጥበትን መስመር የሚያቋርጥ ስለነበር፣ በጁላይ 2 ረፋድ ተነሥታ ሌሊቱን በርራ በማግሥቱ ማለዳ የምታርፈው ራሱ በጁላይ 2 ነበር። ደሴቲቱን ሳታገኝ እርሷም፣ ኑናንም፣ አውሮፕላኗም ደብዛቸው ጠፋ። የኬንትሮስና የሰዓት ስሌት የወረቀት ላይ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ከፀሐይ ወይም ከከዋክብት ቦታን ለሚያሰላ አቅጣጫ መሪ የአንድ ደቂቃ የሰዓት ስሕተት በእኛ ኬክሮስ 27 ኪ.ሜ. መሳት ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድም በረጅም ርቀት በረራ ታሪክ ስሙን አስመዝግቧል። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አዲስ የተረከበው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ ያለማረፍ 12,082 ኪ.ሜ. በመብረር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ አዲስ አበባ ገባ፤ በወቅቱም ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አዲስ የርቀት ክብረ ወሰን ሆነ። ርቀቱ ከዓለም ዙሪያ ሦስት ዐሥረኛ ያህል ነው። በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ያለው የኬንትሮስ ልዩነት 116 ዲግሪ ያህል ስለሆነ፣ በውስጡ የነበሩ ሰዎች ቀናቸው በሰባት ሰዓት ከሦስት ሩብ ገደማ አጥሮባቸዋል። ታናሹ ወንድም ወደ ምሥራቅ ሲሄድ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የሚከፍለውን እነርሱ በአንድ ጊዜ ከፍለውታል።

ቀኗ የምትመለስበት መስመር

ዓለም በሙሉ የሦስቱን ወንድማማቾች ጠብ በየዕለቱ ሳያይ የሚኖረው እንዴት ነው? መንገደኛው በሴኮንድ በሴኮንድ ያተረፈውን አንድ ቀን በአንድ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ እንዲመልስ በመደረጉ ነው። ይህ ቦታ የቀን መለያ መስመር ይባላል። በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል፣ በአመዛኙ የ180 ዲግሪ ኬንትሮስን ተከትሎ የተሰመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 በዋሽንግተን የተደረገው ጉባኤ የግሪንዊች ኬንትሮስ የዜሮ መነሻ እንዲሆን ከወሰነ በኋላ የመስመሩ ቦታ በልማድ እየጸና መጣ። መስመሩን ወደ ምዕራብ የሚያቋርጥ ሰው አንድ ቀን ይዘላል፤ ወደ ምሥራቅ የሚያቋርጥ ደግሞ ያንኑ ቀን ይደግማል። ከቶኪዮ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የሚነሣ አውሮፕላን ዐሥር ሰዓት ያህል በርሮ ሎስ አንጀለስ የሚደርሰው በዚያው ዕለት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

መስመሩ ተፈጥሮ ያኖረው ሳይሆን ሰዎች የተስማሙበት ስለሆነ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ስፔናውያን ፊሊፒንስን የያዙት በአሜሪካ በኩል መጥተው ስለነበር፣ የደሴቶቹ ቀን ከጎረቤቶቻቸው በአንድ ቀን ወደ ኋላ የቀረ ነበር። ይህ የተስተካከለው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1844 ተዘልሎ ነው። ማጄላን በሆሞንሆን ሲያርፍ ይዞት የመጣው የቀን ቆጠራ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አልታረመም ማለት ነው። በቅርቡም የሳሞአ መንግሥት አገሩን ከመስመሩ ወደ ምዕራብ ለማሻገር ስለወሰነ፣ በዚያች አገር ከሐሙስ ታኅሣሥ 19 ቀን 2004 ዓ.ም. ቀጥሎ የመጣው ቅዳሜ ታኅሣሥ 21 ነበር። በዚያ ሳምንት በሳሞአ ዓርብ አልነበረም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር በር ባይኖራትም፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር በተቋቋመው የባሕር ማሠልጠኛ የሠለጠኑ ወጣቶች በልዩ ልዩ አገሮች የንግድ መርከቦች ላይ በመሐንዲስነት ይሠራሉ። ከደጋ ወጥቶ ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ አንድ ወጣት ከእስያ ወደ አሜሪካ በሚሻገር መርከብ ላይ ሳለ መስመሩ በዓርብ ቀን ቢያጋጥመው ሁለት ዓርብ በተከታታይ ይውላል። ሲመለስ ቢያጋጥመው ደግሞ ከሐሙስ ወደ ቅዳሜ ያልፋል። የመርከቡ መዝገብ፣ የተረኛው ሰዓት፣ ለቤተሰቡ የሚደውልበት ጊዜ ሁሉ በዚህ መስመር ይወሰናል። እንዴት መጾም እንዳለበት የሚነግሩት የሃይማኖት አባቶቹ ናቸው። ሳይንስ የሚነግረው ግን አንድ ነገር አለ፤ ቀኑ ያልጠፋበት መሆኑን፣ በየሌሊቱ ተከፍሎ የተሰጠው መሆኑን።

በትምህርት ቤት የሚሠራ ሙከራ

አንባቢያን ይህን ሁሉ ከወረቀት ላይ ብቻ እንዲቀበሉ አንፈልግም። ቡሬና ከሚሴ በአንድ ኬክሮስ ላይ ገደማ የሚገኙ፣ በ2.8 ዲግሪ ኬንትሮስ ያህል የሚለያዩ ከተሞች ናቸው። በሁለቱ ከተሞች ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በአንድ ቀን ይህን ያድርጉ። በተስተካከለ ሜዳ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት ይትከሉ፤ በዙሪያውም ክብ ይሥሩ። ጠዋት የእንጨቱ ጥላ ጫፍ ክቡን ሲነካ ሰዓቱን ይመዝግቡ፤ ከሰዓት በኋላ ጫፉ እንደገና ክቡን ሲነካም እንዲሁ። የሁለቱ ሰዓቶች አማካይ የዚያ ከተማ እውነተኛ እኩለ ቀን ነው። ፀሐይ በሚያዝያና በነሐሴ ከአናት በላይ ስለምትሆን ጥላው እጅግ ያጥራል፤ ስለዚህ የታኅሣሥ ወር ለሥራው የተሻለ ነው።

ተማሪዎቹ ሁለት ነገሮችን ያስተውላሉ። መጀመሪያ፣ እኩለ ቀን በሁለቱም ከተሞች ልክ በስድስት ሰዓት ላይ አይውልም። ሰዓታችን የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ስለሆነ፣ የቡሬ ፀሐይ በዓመቱ አማካይ ከሰዓቷ በግማሽ ሰዓት ያህል ትዘገያለች። ሁለተኛ፣ የቡሬ እኩለ ቀን ከከሚሴው በ11 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት 306 ኪ.ሜ. ያህል ነው። ይህን ለ11.2 ደቂቃ አካፍለው በ1,440 ቢያባዙ 39,300 ኪ.ሜ. የሚበልጥ ውጤት ያገኛሉ። ያለ መርከብና ያለ አውሮፕላን፣ በሁለት እንጨትና በሁለት ሰዓት፣ ታላቁ ወንድም የዞረውን ክብ ለኩት ማለት ነው።

ወደ ማንኩሳ እንመለስ

አሁን የሦስቱን ወንድማማቾች ደብተር እንመርምር። ጉዞው 360 ቀን ፈጅቷል እንበል። እቤት የቀረው 360 ጭረት አለው፤ ከሰኞ ተነሥተን 360 ብንቆጥር ሐሙስ ላይ እንወድቃለን። ታላቁ በየቀኑ አንድ ዲግሪ ወደ ምዕራብ ስለገፋ ያየው 359 ፀሐይ ነው፤ ቆጠራው ረቡዕ ላይ ያቆማል። እያንዳንዱ ቀኑ ግን 24 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ያህል ነበር። ታናሹ ያየው 361 ፀሐይ ነው፤ ቆጠራው ዓርብ ላይ ይደርሳል። የእርሱ ቀን ደግሞ ከ24 ሰዓት በ4 ደቂቃ ያህል ያነሰ ነበር። ሦስቱ የኖሩትን ሰዓት ብንደምር እኩል ነው። ማንም ከማንም አላረጀም፤ ማንም ከማንም ወጣት ሆኖ አልቀረም።

ስለዚህ ከሦስቱ የዋሸ የለም፤ በመቁጠር የተሳሳተም የለም። ሁለቱ መንገደኞች የዘነጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቀን» የሚባለው ሰው በኪሱ ይዞት የሚዞር ዕቃ ሳይሆን የቆመበት ቦታ የሚሰጠው መሆኑን። ፓስፊክ መካከል ላይ አንዱ ደብተሩ ላይ አንድ ጭረት ጨምሮ፣ ሌላው አንድ ጭረት ሰርዞ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም በአንድ ዕለት ላይ ይገናኙ ነበር። በማንኩሳ ዕለቱ ሐሙስ ነው። እናታቸው የሠሩት ዶሮም ሳይቀዘቅዝ ሦስቱም ወደ ማዕዱ መቅረብ ይችላሉ።